ጉድጓዱ ትንፋሹን ሲለውጥ

ሞምባሳ፣ ረጀብ 6 ቀን 1408

ለተከበርሽው እህቴ ለእትዬ ኩልሱም፣

በአላህ ስም ጀምሬ ሰላምታዬ አንቺንም ቤትሽንም በጤና ያግኛችሁ እላለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ሱቁም እንደ ነገሩ ይሠራል። ለልጅሽ ለሙኒራ ቀለበት ሊታሰርላት መሆኑን ከሰው ሰምተን ተደስተናል። አላህ ትዳሯን ያሳምርላት።

የምጽፍልሽ ስለ እናቴ ነው። አልጋ ላይ ከዋለች ሁለተኛ ወሯን ይዛለች። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል ይላል። ምግብ አትፈልግም፣ ሬዲዮ አትፈልግም። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የቤታችንን ጉድጓድ ውሃ አንድ ጉንጭ ልጠጣና ልሂድ።» የዚህን አገር ውሃ አርባ ዓመት ስትጠጣው ኖራ አሁን ቀምሳ ትተፋዋለች።

በሚመጣው ወር ከዚህ ተነሥተው ወደ እናንተ ለዚያራ፣ የቅዱሳኑን መቃብር ሊሳለሙ፣ የሚመጡ ሰዎች አሉ። ሲመለሱ አንድ ጠርሙስ ብቻ ሞልተሽ ስጫቸው። ሌላ የማስቸግርሽ ነገር የለም።

በእናቴ ድርሻ ውስጥ ለሚኖረው ለአጎቴ ልጅ ለሐቲም አንድ ወረቀት ፈርሜ ልኬለት ነበር፤ ደርሶታል ብዬ አስባለሁ። ስለ ቤቱ ጻፊልኝ።

ታዛዥ ወንድምሽ
ሙርታዛ


ቡርሃንፑር፣ ሻዕባን 2 ቀን 1408

ለውድ ወንድሜ ለሙርታዛ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ለአንተም፣ ለባለቤትህም፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ለእናትህ ለአክስት ሺሪን ይድረስ። እኛ አለን። ሙቀቱ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ። ከወገቤ በስተቀር ጤነኛ ነኝ፤ ወገቤንም ለምጄዋለሁ።

ደብዳቤህን አንብቤ አለቀስኩ፤ አልቅሼ ስጨርስ ደግሞ ሳቄ መጣ። ውሃውን ቀምሰው ይተፉታል ስትለኝ ፊታቸው ድቅን አለብኝ። እኚህ ሴትዮ እዚህ እያሉም የጎረቤት ውሃ አይነኩም ነበር እኮ። ሰርግ ቤት ሲጠሩ በትንሽ የመዳብ ዕቃ የራሳቸውን ውሃ ይዘው ይሄዱ ነበር አሉ። ባለ ሰርጎቹ ይቀየማሉ፣ እሳቸው ግድ የላቸውም።

የሙኒራ ቀለበት ታሰረ፤ አላህ ይመስገን፤ ለማን ልንገረው ብዬ ስቸገር ነው ደብዳቤህ የደረሰኝ። ስድሳ ሰው፣ ስምንት ትሪ። ጨው ቀምሰን ጀመርን፣ ጨው ቀምሰን ጨረስን፣ መሐሉን አትጠይቀኝ፤ ፍየሉ፣ ሩዙ፣ በስኳር የራሰው ጥቁሩ ጃሌቢ። የሙሽራው እናት ከኡጄይን ነው የመጡት፤ አሪፋ ይባላሉ፤ ሁሉን ነገር በሁለት ጣት የሚያነሡ ሴት ናቸው። ሸርበቱን ቀመሱና፣

«ይሄ ምን ገብቶበታል?» አሉኝ።

«ጽጌረዳ፣ ስኳርና የጉድጓዳችን ውሃ» አልኳቸው።

«ውሃው ተፈልቷል?»

በትሪው ዙሪያ የነበረው ሰው ሁሉ እጁን ሰበሰበ። ያንን ውሃ ማፍላት እኛ ቤት ቀርቶ በሰፈሩ ሁሉ ነውር መሆኑን ኡጄይን ላይ ማን ይንገራቸው። «ይሄ ውሃ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንድም ቀን እሳት አላየም» አልኳቸው።

«ጣዕሙ ግን አንድ ነገር ይላል።»

«ማዕድን ነው» አልኳቸው። ደስ እያለኝ። ሁለት ብርጭቆ አስጠጣኋቸው።

ከተማችን እንደተውካት ናት። የዚህ አገር ሰው ንጉሥ የረገጠውን ድንጋይ በኩራት ያሳይሃል፤ እያሳየህ ድንጋዩ ላይ የሙዝ ልጣጭ ይጥልበታል። የዝሆን ሠራዊት ያለፈበት በር ላይ ቀሚስና ሱሪ ታጥቦ ተሰጥቷል። ንግሥቲቱ አሥራ አራተኛ ልጇን ወልዳ የሞተችው እዚህ፣ መጀመሪያ የተቀበረችው እዚህ፣ ከወንዙ ማዶ። ከዚያ አጥንቷን ይዘው ሄዱና ነጩን የእብነ በረድ መቃብር ሌላ ቦታ ሠሩላት፤ ዓለም ሁሉ እሱን ሊያይ ይጎርፋል። ለእኛ የቀረልን ልቅሶው፣ የሽመና መኪናው ጩኸትና የማቅለሚያው ቦይ ነው። ቦዩ ማክሰኞ ቀይ፣ ሐሙስ አረንጓዴ ሆኖ ይወርዳል፤ ቀኑን በእሱ ነው የማውቀው። ሽታውን ብነግርህ ወረቀቱ ይበላሻል። እንዲያም ሆኖ ከዚህ ውጪ መኖር አልችልም፤ ምን እንደምባል እንጃ።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። ጉድጓዱ ትንፋሹን እየለወጠ ነው። ታስታውስ እንደሆነ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ሳምንት ይሸታል፤ አሮጊቶቹ «ትንፋሹን ለወጠ፣ ተዉት» ይሉ ነበር፤ ከዚያ በራሱ ይለቀዋል። ዘንድሮ ጠንከር ብሏል። ሰፈሩም ሆዱን ይዞ ነው የሰነበተው፤ ከሙቀቱ ነው እንላለን። እኛ እየጠጣን ነው፤ ለአክስት ሺሪን ግን እንዲህ እየሸተተ አልልክም። እስኪለቀው ይታገሡኝ በልልኝ።

ሐቲም በእናንተ በኩል ግንብ እየሠራ ከርሟል። ምንድነው የምትሠራው ብለው «ክፍል» ብሎኝ ገባ።

እህትህ
ኩልሱም


ሞምባሳ፣ ሻዕባን 24 ቀን 1408

ለእህቴ ለእትዬ ኩልሱም፣

የአላህ ሰላም ይብዛልሽ። ስለ ሙኒራ ደስ ብሎናል።

ተሳላሚዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እናቴ በር በተከፈተ ቁጥር አንገቷን ታቀና ነበር። የጠየቅሁሽ አንድ ጠርሙስ ውሃ ነው፤ ወርቅ አይደለም።

ደብዳቤሽን አነበብኩላት። ስለ ሸርበቱ ስትሰማ ሳቀች። ወደ ጉድጓዱ ስደርስ ግን አስቆመችኝና ደግሜ እንዳነበው አደረገች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ጉድጓዱ ትንፋሹን የሚለውጠው ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ነው። በሙቀት ጊዜ ለውጦ አያውቅም። ኩልሱምን በመስተዋት ትየው በላት።» እንዳለችው ጽፌልሻለሁ።

የሐቲም ግንብ አያስጨንቅሽ፤ እኔ አውቀዋለሁ።

ሙርታዛ


ቡርሃንፑር፣ ሸዋል 5 ቀን 1408

ለሙርታዛ፣

ሰላም ለአክስት ሺሪን። ለአንተም ሰላም ብዬሃለሁ፤ ለወጉ።

ይህን ደብዳቤ ረመዳንን ሙሉ በሆዴ ይዤው ጾምኩ። መጻፍ የምወድ ሰው መሆኔን ታውቃለህ፤ የዕድር መጥሪያ እንኳ ሳይቀር ሦስት ገጽ ይሆንብኛል። ይሄንን ግን ብዕር ባነሣሁ ቁጥር አፌ ምራቅ ይሞላል፤ የሚያስመልሰው ሰው ምራቅ።

የእናትህን ቃል ያነበብኩ ቀን ቆሜ ቀረሁ። እውነታቸውን ነው። ከዝናብ በኋላ ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሁላችንም ረስተነዋል፤ ውሃችን ሊበላሽ ይችላል ብሎ ማሰብ ለእኛ አባትን እንደ መስደብ ስለሆነ ምክንያት ፈለግንለት። በማግሥቱ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ፣ የሙኒራን ትልቁን መስተዋት ይዤ ወጣሁ። ልጆች ሳለን እንደምናደርገው ብርሃኑን ወደ ታች ወረወርኩት። የሰባት ሰው ቁመት ወርዶ ውሃው ላይ አረፈ። ውሃው እንደ ድሮው አላብለጨለጨም። የሆነ ቆዳ ለብሷል። ብርሃኑን ቀስ እያደረግሁ በእናንተ በኩል ባለው ግድግዳ ወደ ላይ ሳመጣው ድንጋዩ ተፈልፍሎ የወጣ ወፍራም ቱቦ አየሁ። እያየሁት ሳለ ቱቦው እንደሚያስል ሰው አደረገውና ተፋ።

ምን እንደተፋ አልጽፍልህም። ለአንድ ሳምንት ሙዝ መብላት አልቻልኩም።

እዚያው መስተዋቱን እንደያዝኩ ሐቲም ጋ ሄድኩ። ለሽመና ሠራተኞች የሚያከራየው ስምንት ክፍል ሠርቷል፤ ከጀርባው አራት ሽንት ቤት። ሠራተኞቹን አልወቅስም፤ ሰው የትም ሄዶ ሽንት ቤት ያስፈልገዋል። እሱ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ጥርሱን ይጎረጉራል።

«ሐቲም፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ምንድነው?»

«ቱቦ ነው እትዬ።»

«ቱቦ መሆኑንማ አየሁ። ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከላይ።»

«ከላይ ሰማይም አለ።»

«እትዬ፣ አትቆጪ። ከዚያ የሚጠጣ ሰው አሁንም አለ ብዬ አላሰብኩም። ቧንቧ ገብቷል እኮ።»

«እኔ ከግድግዳህ ማዶ ስቀዳ የባልዲውን ድምፅ ሰምተህ አታውቅም?»

«ለአትክልት መስሎኝ። እና ደግሞ» አለኝ፣ ጥርሱን መጎርጎሩን ሳያቆም፣ «ይኸው ስንት ወር ጠጥታችሁ የለ? ያን ያህል ካልለያችሁት ያን ያህል አይጎዳም ማለት ነው።»

ሙርታዛ፣ መስተዋቱን ልወረውርበት ነበር። ያልወረወርኩት የተናገረው እውነት ስለሆነ ነው። ጠጥቼዋለሁ። ጠዋት በባዶ ሆዴ፣ ለጤና ይሆነኛል ብዬ ጠጥቼዋለሁ። ሩዝ ቀቅዬበታለሁ፤ ለሶላት ተጉመጥምጬበታለሁ። ስድሳ እንግዳ አስቀምጬ፣ በረዶ ጨምሬ፣ ጽጌረዳ ነስንሼ አጠጥቼዋለሁ። የልጄን አማት ደግሞ ማዕድን ነው ብዬ፣ እየሣቅሁ፣ ሁለት ብርጭቆ። ይሄን ለእሳቸው እስካሁን አልነገርኩም። ሠርጉ ይፈርሳል ብዬ ፈርቼ። እየው፣ እኔም ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ።

የሰፈሩ ታላቅ መስመር፣ ከኮረብታው ሥር ጀምሮ ጉድጓዶቹን የሚያገናኘው የመሬት ውስጥ የውሃ መንገድ፣ ሰው ሊጎበኘው የሚመጣው፣ ምንም አልሆነም። የኛ ከእሱ የወጣች ትንሽ ክንድ ናት፤ ከኛ በታች አሥራ አንድ ቤት ይጠጣባታል። ይጠጣባት ነበር።

ሐቲም በመጨረሻ ወረቀት አወጣ። የአንተ ፊርማ አለበት። «በግቢው ውስጥ ያለውን አሮጌ ጉድጓድ ለፍሳሽ እንዲጠቀምበት ፈቅጃለሁ» ይላል።

ሳታነብ ፈርመህ እንደሆነ ንገረኝ። ሳላነብ ነው በለኝ።

ኩልሱም


ሞምባሳ፣ ዙልሒጃ 1 ቀን 1408

ለተከበርሽው እህቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አርባ ቀን ሆነኝ። ሱቁ ሥራ በዝቶበት ነበር።

አንብቤ ነው የፈረምኩት። መዋሸት አልፈልግም። በዚህ ዘመን ከጉድጓድ የሚጠጣ አለ ብዬ አላሰብኩም። ከአገር የወጣሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። ለእኔ ጉድጓዱ ተረት ነው፣ ቀዳዳ ነው። ሐቲምም ኪራዩን እኩል እንካፈላለን ብሎኝ ነበር።

እናቴ እየደከመች ነው። ውሃው ገና እንዳልደረሰ ነው የነገርኳት። አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ከቧንቧም ይሁን ከየትም ንጹሕ ውሃ ቅጂና ጠርሙሱ ላይ በእጅሽ «ከቤታችን ጉድጓድ» ብለሽ ጻፊበት። የእጅ ጽሑፍሽን ታውቃለች፤ ታምናለች። ምላሷ አርጅቷል፣ አትለየውም። ደስ ብሏት ትሂድ። ስለ ሐቲም ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

ሙርታዛ


ቡርሃንፑር፣ ዙልሒጃ 21 ቀን 1408

ሙርታዛ፣

ይህ ደብዳቤ ከሁለት ጠርሙስ ጋር ይደርስሃል። ከዛንዚባር ለዚያራ የመጡ ባልና ሚስት ይዘውልኛል፤ አላህ ይስጣቸው፤ ሁለተኛው ምን እንደሆነ ቢያውቁ ባሕር ውስጥ ይጥሉት ነበር።

መጀመሪያ ግን ስለ ራሴ ልንገርህ፤ ለሌላ ሰው እውነት ተናገር ከማለቴ በፊት። ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ ተሳፍሬ ኡጄይን ሄድኩ። ዝናብ ነበር፤ እስከ ጉልበቴ ጭቃ። ወይዘሮ አሪፋ ሻይ በጥሩ ሲኒ አቀረቡልኝ፤ ቤታቸው ወለሉ ላይ ፊትህን ታያለህ። ሲኒውን አስቀመጥኩና ነገርኳቸው። አንድም ሳላስቀር። ቱቦውን፣ ስምንቱን ክፍል፣ ሸርበቱን።

ተነሥተው ወጡ። ከጓሮ በኩል ሲያስመልሳቸው ሰማሁ። ረጅም ጊዜ ቆዩ። ፊታቸውን ታጥበው ተመልሰው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ሁለት ብርጭቆ» አሉኝ።

«ሁለት» አልኳቸው።

«ሁለተኛውን አልፈልግም ብዬ ነበር። ‹እንዴ፣ ለሙሽራው እናት!› ብለሽ ሞላሽብኝ።»

«አዎ።»

«በአውቶቡስ ስመለስ ሦስት ጊዜ አስቁሜ ወርጃለሁ። ሹፌሩ ‹ሴትዮ፣ እዚሁ ቤት ሥሪ› አለኝ።»

አልሣቅሁም። እሳቸው ናቸው የጀመሩት። አንዴ ከጀመሩ በኋላ ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሣቅን፤ ከዚያ ደግሞ የእውነት አለቀስን። ስወጣ በር ላይ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄን አልከለክልም። ልጅሽ ጥፋት የለባትም። ቤትሽ ግን እስክሞት ድረስ ውሃ አልጠጣም፤ ቢፈላም።» ይገባኛል አልኳቸው። ይገባኛልም።

ስለዚህ አሁን ላንተ የምለው ይሄን ነው። በእጄ ውሸት አልጽፍልህም። ስትጠይቀኝ ከቱቦው ይልቅ አንተ አስጠላኸኝ። ቱቦው የሚሠራውን አያውቅም።

ነጭ ክር የታሰረበት ጠርሙስ ንጹሕ ነው። ከኮረብታው ሥር፣ መስመሩ ሲጀምር ካለው ጉድጓድ ራሴ ሄጄ ቀድቼዋለሁ። ውሃው ያው ነው፤ ከአንድ ተራራ የሚወርድ ነው፤ የቤታችን ግን አይደለም። ላዩ ላይ «ከኮረብታው ሥር» ብዬ ጽፌበታለሁ። ለአክስት ሺሪን ስጣቸው፤ ከየት እንደሆነም ንገራቸው።

በሰም የታሸገው ደግሞ ያንተ ነው። ከቤታችን ጉድጓድ ነው፤ እንደ ዛሬው። አፍንጫዬ ላይ ጨርቅ አስሬ ነው የሞላሁት። ክፍልህ ግባ፣ በሩን ዝጋ፣ ክፈተውና አሽትተው። ሌላ ምንም አልልህም። ተረት ነው፣ ቀዳዳ ነው ብለሃል፤ ቀዳዳው ምን እንደሚሸት እወቀው። ከዚያ በኋላ ለእናትህ የምትለውን አንተው ታውቃለህ።

ኩልሱም


ሞምባሳ፣ ሙሐረም 22 ቀን 1409

እትዬ ኩልሱም፣

በምን ሰላምታ እንደምጀምር ስላላወቅሁ ሳልጀምር ገባሁ።

የታሸገውን ከፈትኩት። ከሁለት ቀን በኋላም ክፍሉ አልለቀቀውም። ሚስቴ አይጥ ሞቶ ነው ብላ ቁም ሳጥኑን አገላበጠችው። አልነገርኳትም።

እናቴ ዘንድ የገባሁት ነጭ ክር ያለውን ብቻ ይዤ ነው። ከየት እንደሆነ አልነገርኳትም፤ ያንቺን ጽሑፍ በእጄ ሸፍኜ ያዝኩት። አፏ ውስጥ ትንሽ አቆየችው። ከዚያ ዋጠችና፣

«ይሄ የላይኛው ነው» አለች። «ጥሩ ውሃ ነው። የኛ ግን የብረት ባልዲ ጣዕም አለው። የኛስ?»

ያን ጊዜ ቱቦውንም ወረቀቱንም ነገርኳት።

«ሌላ ጠርሙስ አለ?» አለችኝ። እንዴት እንዳወቀች አልገባኝም። ምናልባት እላዬ ላይ ሸትቷት ይሆናል። አመጣሁላት። አሸተተችው። የራስ መሸፈኛዋን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

«ይሄን ፈርመህ ነው?»

«አዎ።»

«አንብበህ?»

«አንብቤ።»

ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ወረቀት አምጣ አለች። አብሮ የተላከው እሱ ነው። ድርሻው የእሷ ነውና የሐቲምን ፈቃድ ሰርዛለች፤ ግቢውን አንቺ እንድታዢበት አድርጋለች። አውራ ጣቷን ያሳረፈችበት እሷ ናት፤ እጇን እንኳ እንድይዝላት አልፈቀደችም።

ይህን ብለህ ጻፍላት ያለችኝ ደግሞ እነሆ፦ «ኩልሱም፣ ያቆሸሸው ይውረድ። ሲጸዳ መጀመሪያ አንቺ ጠጪ። ከዚያ ላኪልኝ። ከኮረብታው ሥር የመጣውን ከእንግዲህ አልጠጣም፤ የኛን እጠብቃለሁ።»

ሐኪሙ የሚጠበቅ ጊዜ የለም ይላል። እሷ ግን እየጠበቀች ነው።

ሙርታዛ


ቡርሃንፑር፣ ረቢዐል አወል 25 ቀን 1409

ለአክስት ሺሪን፣ በሙርታዛ አንደበት የሚነበብ፣

አላህ ይህን ቃሌን ሳይዘገይ ያድርስልኝ። እጅዎን ስሜያለሁ። ዝናቡ እስኪያቆም መሬቱ አላስነካንም፤ እንጂ አንድ ቀን አልተኛሁም።

ወረቀትዎን ለሐቲም አነበብኩለት። ከዚያ ከኛ በታች ያሉት አሥራ አንዱ ቤቶች መጥተው ግቢው ውስጥ ቆሙ። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሽማግሌው የወፍጮ ቤቱ ዩሱፍ አሊ ብቻ «የቆየውን ሕግ ታውቀዋለህ» አለው። ያቆሸሸው ይወርዳል። ሐቲም መጀመሪያ ሣቀ። ቀጥሎ ሠራተኛ ቀጥሬ አወርዳለሁ አለ። ሠራተኞቹ ራሳቸው፣ የስምንቱ ክፍል ሰዎች፣ በሩ ላይ ቆመው ነበር። አንዱ «ጌታዬ፣ እኛ ከላይ እንጎትትሃለን» አለው። ገመዱን ወገቡ ላይ ያሰሩለትም እነሱ ናቸው፤ በደንብ ነው ያሰሩት፤ እኔ አይቻለሁ።

ቱቦው አስቀድሞ ተቆርጦ ነበር። ሽንት ቤቱ በግቢው ማዶ፣ ከመስመሩ ራቅ ብሎ ለብቻው ጉድጓድ ተቆፍሮለታል፤ ሰዎቹም ሳይቸገሩ ይኖራሉ። ሐቲም አራት ቀን ወረደ። የመጀመሪያው ቀን ሲወጣ የለበሰውን እዚያው አቃጠልንለት። ሚስቱ አላስገባ ብላው በረንዳ ላይ በላ። በሦስተኛው ቀን ከታች ድምፁ መጣ፤ «እትዬ፣ እዚህ ድንጋዩ ላይ የመጥረቢያ ምልክት አለ፤ የሰው እጅ ምልክት ነው» አለኝ። «ያ እጅ አንተ እስክትመጣ አልቆሸሸም ነበር» አልኩት። ባልዲው ብቻ ወጣ። በምን እንደተሞላ አልነግርዎትም፤ እርስዎ አሽትተውታል።

ከዚያ ኖራ፣ ከዚያ ውሃውን ሐምራዊ የሚያደርገው መድኃኒት፣ ከዚያ እየቀዱ መድፋት፣ ሃያ ሦስት ቀን። ከዚያ ቀኑ ደረሰ። ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ እኔን ያያል። የመዳቡን ዕቃ አነሣሁ። አክስቴ፣ ልነግርዎት የምፈራው ይሄን ነው፤ መጠጣት አቃተኝ። በአራት መቶ ዓመት ማንም ያላደረገውን አደረግሁ። ቤት ይዤው ገብቼ አፈላሁት። ሙኒራ በሩን ዘግታ ቆማ ነበር፣ ሰው እንዳያየኝ። አፍልቼም አፌ ውስጥ ያዝኩት፤ አልወርድ አለኝ፤ ተፋሁት። ደስ ብሎኝ የምኖር ሴት ነበርኩ፤ ጉሮሮዬን ወሰዱብኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ማንም ሳይኖር ብቻዬን ቀዳሁና ሳላፈላው ዓይኔን ጨፍኜ ጠጣሁት። የባልዲው ብረት ምላሴ ላይ መጣ። ይኸው አሥር ቀን እየጠጣሁ ነው፤ ደህና ነኝ፤ ከታች ያሉትም ትናንት ጀመሩ።

ስለዚህ ልኬልዎታለሁ። አልፈላም። እውነቱን ግን ልጻፍ፦ ጠርሙሱ ሲከፈት አንድ ትንሽ ነገር ይሸታል። የኖራው ነው ይላሉ ሰዎች፤ ይሆናል። አፍንጫዬን ከእንግዲህ አላምነውም። ጠርሙሱ ላይ «ከቤታችን ጉድጓድ» ብዬ በእጄ ጽፌበታለሁ።

ይጠብቁኝ፣ አክስቴ።

ኩልሱም


ሞምባሳ፣ ጁማደል አወል 14 ቀን 1409

እትዬ ኩልሱም፣

እናቴ ረቢዐ ሳኒ ሦስት ቀን፣ ጠዋት ዐረፈች። ጠርሙስሽ የደረሰው በአሥራ አራተኛው ቀን ነው። ደብዳቤሽን በሕይወት እያለች ላነብላት አልቻልኩም፤ መቃብሯ አጠገብ ቆሜ አነበብኩት። የሐቲም ባልዲ ሲወጣ የሚለው ጋ ስደርስ ትስቅ ነበር ብዬ አሰብኩ።

የመጨረሻ ቀኗ ላይ ከንፈሯን በእርጥብ ጥጥ ላረጥብላት ስል ራሷን አዞረች። «የኛ ነው?» አለች። «አይደለም» አልኳት። ሳትጠጣ ሄደች። አዎ ብያት ቢሆን ትጠጣ ነበር። አላልኳትም።

ትናንት አርባዋ ወጣ። ትሪው ዙሪያ ተቀመጥን፣ ጨው ቀመስን። ከዚያ ጠርሙሱን አመጣሁና የእሷን ብርጭቆ ሞላሁት። ሲከፈት ሚስቴ አፍንጫዋን ያዘች፤ እንግዶቹ ወደ ሌላ አዩ። ከተቀመጡት መሐል ሊጠጣ እጁን የዘረጋ አልነበረም፤ እኔም አላቀረብኩላቸውም።

አሁንም ትንሽ ይሸታል፣ እትዬ። ከኖራ አይደለም፤ እኔ አውቀዋለሁ። እስከ ታች ጠጣሁት።

ሙርታዛ